የልብስ መርማሪዋ ልጅ ዐይኖች

በልብስ ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «አጉሊ» ነበር የሚሏት፤ ከአጉሊ መነጽር የወጣ ቅጽል ነው። ሥራዋ ተሰፍቶ ያለቀውን ሸሚዝ መመርመር ነበር። ከሥሩ መብራት የሚበራ የመስተዋት ጠረጴዛ አላት። ሸሚዙን ትዘረጋለች፣ ከአንገትጌው እስከ ጫፉ በመዳፏ ትዳብሰዋለች፣ ከዚያ አንሥታ መብራቱ ላይ ትይዘዋለች። የተዘለለ ስፌት፣ የተሳበ ክር ወይም የማሽን ዘይት ካየች በጠመኔ አክብባ ለሰፊዋ ትመልሳለች። ምንም ካላገኘችበት «አለፈ» ትላለች። ሌሎቹ መርማሪዎች በዝምታ ነው የሚሠሩት፤ እሷ ግን «አለፈ» ሳትል ሸሚዙ ከእጇ አይወጣም። ሰፊዎቹ መሳቂያ አደረጉት። ምሳ ሰዓት ላይ አንዷ ብዙ ጎርሳ ስትታገል ሌላዋ ጉሮሮዋን ትክ ብላ እያየች «አለፈ!» ትላለች።

አንድ ቀን አንዲት ሰፊ፣ አንገትጌ ውስጥ ተደብቆ የነበረ የአንድ ነጥብ ዝላይ ተገኝቶባት ሸሚዙ ሲመለስላት ተናደደችና፣ «ቆይ፣ እንዲህ ያለ ዐይን ይዘሽ እንዴት ባል አገባሽ?» አለቻት።

«ጨፍኜ ነዋ!» አለች አጉሊ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ባሏ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ከአፉ ቃል የሚወጣው ጎማው ውስጥ ምስማር ሲያገኝ ብቻ ነው ይሉታል። ከእናቱ ጋር ሆነው በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ በሁለት ክፍል ይኖራሉ። ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ ግን አልወለዱም ነበር።

በዚያው ግቢ፣ ቧንቧው አጠገብ ባለችው ክፍል፣ ሚጢጢ ትኖራለች። እሷም እዚያው ፋብሪካ ልብስ የምትተኩስ ሴት ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፣ ግን ካውያውን እንደ ልቧ ለማንቀሳቀስ ሁልጊዜ ሣጥን ላይ ትወጣለች። አጉሊን «እታለም» ትላታለች። ባሏ የረጅም መንገድ መኪና ረዳት ስለሆነ ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። «እኔ ያገባሁት ጥሩንባ ነው» ትላለች፤ «ድምፁን ሰምቼ በር እስክከፍት ሄዷል።»

ነገሩ የጀመረው ሽፍታ የሚያወጣ በሽታ ገብቷል የተባለ ጊዜ ነው። ከቢሮ ትእዛዝ ወረደ፤ ሽፍታ የታየበት ሠራተኛ በዚያው ቅጽበት ከበር ይውጣ፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጥ ተባለ። አለቃው ማለዳ ማለዳ በመስመሮቹ መካከል እየዞረ አንገትና ክንድ ማየት ጀመረ። በሴቶቹ ዘንድ ደግሞ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ነበር፤ አለቃ ሲመጣ አንዷ የሌላዋን ጉድ ትሸፍናለች። አንዷ ብታረፍድ ሌላዋ ማሽኗን አስነሥታ ትጠብቃታለች፤ አንዷ ብታለቅስ ሌላዋ ፊት ለፊቷ ትቆማለች።

አንድ ማለዳ አለቃው ገና በወዲያኛው ጫፍ ሳለ አጉሊ ቀና ስትል የሚጢጢን አንገት አየች። ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነጠብጣብ ወጥቶበታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለቻት ቀስ ብላ።

«እንፋሎት ነው እታለም። ካውያው ተፍቶብኝ።»

«እንፋሎት እንዲህ አይነጠብጥም።»

«እንግዲያው ሳሙና ነው፤ አዲስ ሳሙና ቀይሬ። በናትሽ፣ አሁን ከወጣሁ መመለሻ የለኝም።»

አጉሊ የራሷን ሻሽ ፈታችና የሚጢጢ አንገት ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመችው። እጅጌዋንም እስከ አንጓዋ ቆለፈችላት። ይህን ስታደርግ ፊት ለፊት ተጠጋግተው ነበር፤ የሚጢጢ ትንፋሽ ፊቷ ላይ ይሰማታል።

አለቃው ደረሰ። «በዚህ ሙቀት ሻሽ?»

«ጥርሷን አሟታል» አለች አጉሊ። «አንተ ደግሞ ሴት ሻሽ ስታስር አይተህ አታውቅም? ቤትህ ማን ነው የሚያስረው?»

አለቃው ሊስቅ ብሎ ተወውና ሄደ። ከኋላ አንዷ በቀጭን ድምፅ «አለፈ» አለች፤ መስመሩ በሙሉ አፉን ይዞ ሳቀ።

የሚጢጢ ሽፍታ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ደግሞ አጉሊ ራሷ ትኩስ ትኩስ አላት፤ ከጆሮዋ ጀርባ አተር የምታህል እብጠት ዳሰሰች፤ ደረቷና ክንዷ ነጠብጣብ አወጣ። እሱም በሦስት ቀኑ ጠፋ። እሷም ሸፋፍናው ሥራ አልቀረችም። የወር አበባዋ ዘግይቶባት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው ብላ ነገሬ አላለችውም። ከወር በኋላ ነፍሰ ጡር መሆኗን ስታውቅ ደስታው ሽፍታውንም ሻሹንም ከአሳቧ ጠርጎ አወጣው። ስድስት ዓመት የጠበቀች ሴት ሦስት ቀን የቆየ ነጠብጣብ ታስታውስ?

ሴት ልጅ ተወለደች። በጣም ትንሽ ነበረች፤ ስትጠባ ቶሎ ይደክማታል፣ ላብ በላብ ትሆናለች። ጎረቤት እየገባ «እንኳን ዐይንሽን በዐይንሽ ለማየት አበቃሽ» አላት። አማቷ የልጅቷን ፊት ወደ መስኮቱ አዙረው አዩና፣ «ዐይኗ ግራጫ ነው፤ በአባቴ ወገን እንዲህ ያለ ነበር፤ ሲያድጉ ይጠራል» አሉ።

አጉሊም አይታ ነበር። ጥቁሩ ብሌን መሆን ባለበት ቦታ፣ በሁለቱም ዐይኖች ላይ፣ ውኃ የገባው ወተት የመሰለ ነገር አለ። ከፋብሪካው ሴቶች ሁሉ አስቀድማ ያየችው እሷ ናት፤ ማን ሊቀድማት። ያየችውን ግን በምታውቀው መንገድ መረመረችው። ልጅቷን አቅፋ ከአምፖሉ ሥር ቆመች፤ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ወደ ግራ ዞረች። ልጅቷ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ወደ ብርሃኑ። ሸሚዝ ቢሆን ኖሮ ይህ በቂ ነው፤ ጨርቅ ብርሃን ላይ ተይዞ እንከን ካልታየበት ደህና ነው። አጉሊ የልጅቷን ግንባር ሳመችና «አለፈ» አለች።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ወር ሄደ። ልጅቷ ሁለቱን ትናንሽ ጡጫዎቿን ዐይኖቿ ውስጥ ተጭና ትውላለች። «እንቅልፍ ነው» ይሉ ነበር አማቷ። ከፍ ያለ ድምፅ አያስደነግጣትም። «ጨዋ ልጅ!» ይሉ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ አጉሊም አልፎ አልፎ ሆዷ የሚያውቀውን ነገር ወደ ጎን እየገፋች ልብስ ታጥብ ነበር።

የወሊድ ፈቃዷ አለቀ። አማቷ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሚጢጢ ግን የጠዋቱ ፈረቃ ከወጣ አንድ ሰዓት ቆይቶ ወደሚገባው የከሰዓት ፈረቃ ተዛውራ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ልጅቷን ልትይዝ ተስማሙ። በአምስተኛው ቀን አጉሊ ከሥራ ስትገባ ሚጢጢ ልጅቷን ታቅፋ ቁጭ ብላለች፤ እንደ ወትሮዋ ቀልድ አልጀመረችም።

«እታለም፣ አትቆጪኝም?»

«ምን ሰበርሽ?»

«ምንም። ልጅቷ... አታየኝም።»

«ምን ማለት ነው አታየኝም? ብርሃን ታያለች፤ ፈትኛታለሁ።»

«ብርሃኑን አዎ። እኔን ግን አታየኝም። ዛሬ ደግሞ የድስት ክዳን ከእጄ ወድቆ እዚህ ጆሮዋ ሥር ጮኸ። እኔ ዘለልኩ፣ እማማ ዘለሉ፤ እሷ ዐይኗን እንኳ አልጨፈነችም።»

«አንቺ መቼ ወልደሽ ታውቂያለሽ?» አለች አጉሊ። ልጅቷንም ከእቅፏ ወሰደችባት። በማግሥቱ ግን ሥራ አልሄደችም፤ ልጅቷን ይዛ ሆስፒታል ገባች።

የዐይን ሐኪሟ ጠና ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። በትንሽ ባትሪ ሁለቱንም ዐይኖች አየች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ ከልጅቷ ራስ ጀርባ አጨበጨበች። ከዚያ ወንበሯን ወደ አጉሊ አስጠጋች።

«ሞራ ነው፤ በሁለቱም ዐይኖቿ።»

ከጎን ተቀምጠው የነበሩት አማት አላመኑም። «ሞራማ የኔ ነው ዶክተር! ይኸው ግራ ዐይኔን ጋርዶኛል። የሦስት ወር ልጅ ሞራ ከየት ታመጣለች?»

«ከማኅፀን፣ እማማ።» ሐኪሟ ወደ አጉሊ ዞረች። «እርግዝናው ገና ሳለ ትኩሳትና ሽፍታ ነበረብዎት?»

አጉሊ ሦስቱን ቀን ነገረቻት። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ሩቤላ እንደሚባል፣ ቫይረስ እንደሆነ፣ ለትልቅ ሰው ቀላል ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነፍሰ ጡርን ከያዘ ወደ ፅንሱ እንደሚገባ፣ ዐይንና ጆሮና ልብም የሚሠሩት በዚያው ጊዜ እንደሆነ አስረዳቻት። አስቀድሞ በክትባት መከላከል ይቻል ነበር። አጉሊ ስለዚህ ክትባት የሰማችው ያን ቀን ነው።

«በዚያ ሰሞን አጠገብዎ ሽፍታ ያለበት ሰው ነበር?»

አጉሊ ሻሹን እንደጠመጠመች ታያት። የሚጢጢ ትንፋሽ ፊቷ ላይ ሞቀ።

«አላስታውስም» አለች።

ሐኪሟ ቀጠለች። «ዐይን ሲወለድ ማየት አያውቅም፤ ይማራል። የሚማረው አእምሮ ነው። ምስል ካልደረሰው ዘንግቶት ይቀራል፤ ኋላ መስኮቱን ብናጸዳለትም አይመለከትም። እንዲህ ያለውን ሞራ በሁለተኛው ወር ብናወጣው ነበር የሚሻለው።»

«አሁን አራተኛዋን ጀምራለች።»

«አዎ። ስለዚህ እንቸኩላለን።»

መቸኮል ግን በእነሱ እጅ አልነበረም። የልጅቷ ልብ አጠገብ፣ ስትወለድ መዘጋት የነበረበት የደም ቧንቧ ሳይዘጋ ቀርቷል። እሱ ሳይስተካከል ማደንዘዣ አይሰጣትም ተባለ። የልብ ሐኪሞቹ ተራ ሰጧት፤ ተራው ደግሞ ትኩሳት ያዛትና ተላለፈ። አጉሊ በየማለዳው ልጅቷ ስትነቃ ቀኑን ትቆጥራለች፤ እያንዳንዱ ቀን ዐይኗ ሳይማር የዋለበት ቀን ነው። ልቧ ታክሞ ሞራው በወጣ ጊዜ ልጅቷ አምስት ወር አልፏታል። ግራ ዐይኗ ከቀኙ ያነሰና ውስጡም የተጎዳ ስለነበር ሐኪሟ ተስፋ አልሰጠችም። «ቀኙን እንያዝ» አለች። በሞራው ፈንታ ወፍራም መነጽር ታዘዘ፤ ከኋላ በላስቲክ የሚታሰር፣ የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ።

«ይህ መነጽር ዐይኗ ነው» አለች ሐኪሟ። «ከነቃች እስክትተኛ አይውለቅ። እኔ ግማሹን ሠርቻለሁ፤ ግማሹን የሚሠራው ቤት ያለው ሰው ነው። አንድ ነገር ደግሞ፤ ልጅቷ እስከ ዓመቷ ድረስ ቫይረሱን ልታስተላልፍ ትችላለች። ነፍሰ ጡር አትቅረባት።»

አጉሊ ይህን ለግቢው ሁሉ ተናገረች፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ወደ ቤቴ አትግባ አለች። ከማን እንደያዛት ሲጠይቋት ግን «ከመንገድ ይሆናላ፣ አውቶቡስ ውስጥ» ብላ ዘጋችው። ሚጢጢ እየሳቀች፣ «እኔን እንኳ አትፍሪ፤ ከጥሩንባ አይረገዝም» አለቻት። ያቺን የሦስት ቀን ሽፍታ ሳሙና ነው ብላ ረስታታለች።

ቤት ያለው ሰው ሚጢጢ ነበረች። ጠዋቱን ሙሉ፣ ልጅቷ ነቅታ በምትውልበት ሰዓት ሁሉ፣ መነጽሩን የምታስረውም ሐኪሟ ያዘዘችውን የዐይን ጠብታ የምታንጠባጥበውም እሷ ናት። ልጅቷ ስለማትሰማ ዘዴ ፈጠረችላት። መጀመሪያ ደረቷን በጣቷ ሁለት ጊዜ ትነካታለች፤ «መጣሁ» ማለት ነው። ከዚያ መነጽሩን፣ ከዚያ ፊቷን በጣም አስጠግታ። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ መነጽሩን መንጭቃ ትጥለው ነበር። ሚጢጢ በቀን ሠላሳ ጊዜ ታነሣዋለች። «አንቺ ጣይ፣ እኔ ላንሣ፤ ማን እንደሚደክም እናያለን፤ እኔ እንደሆነ ካውያ ያደነደነኝ ነኝ!» ትላታለች፤ የማትሰማውን ልጅ ቀኑን ሙሉ ታወራታለች።

በሰባተኛው ወር አጉሊ ከሥራ ስትገባ ልጅቷ የሚጢጢን ፊት አይታ ፈገግ አለች። ሚጢጢ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ስታደርግ ዐይኗ ተከተላት። የመጀመሪያው ፈገግታ ለእናትየው አልነበረም፤ አጉሊ ይህን አይታ ቀናች፣ በመቅናቷም አፈረች። ሐኪሟ በቀጠሮው ቀን ቀኝ ዐይኗን አይታ፣ «ማን ነው እንዲህ የሚሠራላችሁ? መያዝ ጀምራለች እኮ! የሚመጡት ስድስት ወራት ወሳኝ ናቸው፤ እንዳትለቁ» አለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ሚጢጢ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። አልገባችም።

«እታለም።»

«ግቢ እንጂ፣ አረፈደብኝ።»

«አልገባም።» ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። «ያ ጥሩንባ...» አለችና ቀልዱን መጨረስ አቃታት። «ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ሳላውቅ ነው የከረምኩት። በየቀኑ ምራቋን ስጠርግላት፣ ስስማት...»

አጉሊ የሚያጽናናውን ቃል ታውቀዋለች። ሐኪሟ ራሷ ነግራታለች፤ አንዴ የያዘው ሰው ዳግመኛ አይይዘውም ማለት ይቻላል። «አንቺን አይነካሽም፤ አንቺ ቀድሞ ይዞሻል» ማለት ብቻ ነው። ይህን ካለች ግን ሚጢጢ መቼ ትላለች። መቼ ካለች ሻሹ ይመጣል። ሻሹ ከመጣ የልጅቷን ዐይን ማን እንዳጠፋው ይታወቃል፤ ትንፋሹ የማን እንደነበር፣ ሸፍኖ ያስቀረውም የማን እጅ እንደነበር።

«ግድ የለም» አለች አጉሊ። «አትቅረቢ። እማማ ይይዟታል።»

ሚጢጢ እዚያው ቆማ አለቀሰች። በመካከላቸው የበሩ ደፍ ብቻ ነበር።

አማቷ ደግ ሴት ናቸው፤ ጉዳቱም ከዚያ መጣ። መነጽሩ የሕፃኗን አፍንጫ ያቀላዋል፣ ላስቲኩ ጆሮዋን ይከረክራል፣ ልጅቷም ታለቅሳለች። አጉሊ ስትወጣ ይታሠራል፤ በሩ እንደተዘጋ ይወልቃል፤ ከመግባቷ በፊት ተመልሶ ይታሠራል። ሁለት ወር ያህል አጉሊ የልጅቷን መፍዘዝ ድካም ነው እያለች አላስተዋለችም። በመጨረሻ አንድ ቀን ስትገባ ልጅቷን አነሣችና መነጽሩ ላይ ዐይኗ አረፈ። መስተዋቱ ጥርት ያለ ነው። ጣት ያልነካው፣ ምራቅ ያልደረሰበት፣ እንባ ያላደበዘዘው። ሕፃን ስድስት ሰዓት ሙሉ ያደረገችው መነጽር እንዲህ አይሆንም።

«እማማ፣ ስንት ሰዓት ነው ያሰሩላት?»

«አሁን ጥቂት ቀደም ብዬ...»

«ዛሬን አልጠየቅኩዎትም። ከሚጢጢ ወዲህ።»

አማቷ መሬት መሬቱን አዩ። «ልጄ፣ ስታለቅስ አንጀቴ አልችል አለኝ። እሷን የምታስለቅስ ብርጭቆ ምን ትጠቅማለች? ይኸው ያለሱም ወደ መስኮቱ ትዞራለች።»

ወደ መስኮቱ ትዞራለች። አጉሊ አማቷን ሳትቆጣ መነጽሩን አጥብቃ አሠረች። ያንን ፈተና መጀመሪያ የፈተነችው እሷ ናት።

ሐኪሟ በባትሪው ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ቀኙ ዐይን አንድ ቦታ መቆም ትቶ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። «ለቃዋለች» አለች። «ሁለት ወር በዚህ ዕድሜ ብዙ ነው። ያቺ ስትይዛት የነበረችው ሰው የት ሄደች?»

«አረገዘች።»

«ሩቤላ ይዟት ያውቃል? በደም ምርመራ ይታወቃል እኮ። ከያዛት መመለስ ትችላለች።»

አጉሊ ልጅቷን አዘለች። ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ሄዳ የከሰዓት ፈረቃው ሊገባ ሲል በሩ ላይ ጠበቀች። ሚጢጢ ልጅቷን ከሩቅ ስታይ ወደ ኋላ ሸሸች፤ አጉሊ ግን እዚያው ቆማ ነገረቻት። ሽፍታውን ነገረቻት፣ ሻሹን ነገረቻት፣ ሦስቱን ቀን ነገረቻት። «ስለዚህ አትፍሪ» አለች በመጨረሻ። «የሆድሽ ልጅ ደህና ነው። ደምሽን አስመርምሪ። ተመለሺልኝ፤ ዐይኗ እየሄደ ነው።»

ሚጢጢ መጀመሪያ የጠየቀችው አጉሊ ያልጠበቀችውን ነው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሆስፒታል በገባሁ ቀን።»

«በርሽ ላይ ቆሜ ሳለቅስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሁለት ወር ሙሉ ሆዴን ይዤ ዕውር ልጅ በሕልሜ ስወልድ ከርሜአለሁ። ባሌን፣ ባይወለድስ ብዬዋለሁ። ግድግዳ ለግድግዳ ነን፤ ስተፋም ሳለቅስም ትሰሚኛለሽ።»

«ላንቺ ብዬ ነው። እንዳትጎጂ።»

«ለኔ?» አለች ሚጢጢ። «እታለም፣ ለኔ ነው?»

ደወሉ ተደወለ። ሴቶቹ እየተጋፉ ገቡ። ሚጢጢም ከመሃላቸው ገባች፤ አጭር ስለሆነች ወዲያው ጠፋች።

ደሟን አስመረመረች። ወረቀቱ ቀድሞ ይዟት እንደነበር ተናገረ፤ የእርግዝና ክትትል ነርሷም ለፅንሱ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ አረጋገጠችላት። በማግሥቱ ጠዋት ሚጢጢ መጣች። ደፉን ተሻግራ ገባች፤ የልጅቷን ደረት በጣቷ ሁለት ጊዜ ነካች፤ መነጽሩን አሠረች። ፊቷን ግን ማስጠጋት አልሆነላትም። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ስትፈልጋት ሚጢጢ ፊቷን ወደ ጎን አድርጋ ታለቅሳለች፤ አንድ ቃል አታወራም። አራት ቀን እንዲህ አደረገች። በአምስተኛው ቀን አልመጣችም። በወሩ ማለቂያ ባሏ መኪና ይዞ መጣ፤ ፍራሻቸውን፣ ወንበራቸውንና የምትቆምበትን ሣጥን ጭነው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ወንድ ልጅ እንደወለደች፣ ዐይኑም ጆሮውም ሙሉ እንደሆነ አጉሊ የሰማችው ከሰው ነው።

አጉሊ አለቃው ዘንድ ሄዳ ከመብራቱ ጠረጴዛ አንሡኝ፣ ጠዋት ቤት እንድውል በከሰዓት ፈረቃ ክር ቆራጭ አድርጉኝ አለች። ክር መቁረጥ አዲስ ገቢ የሚሠራው ሥራ ነው። «አንቺን ከጠረጴዛው ላንሣ?» አለ አለቃው። «ማን ያይልኛል ታዲያ?» በማግሥቱ መቀስ ይዛ ከክር ቆራጮቹ መካከል ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ መነጽሩን ራሷ አሠረች፤ በቀን ሠላሳ ጊዜ ራሷ አነሣች። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ያለፈውን ጊዜ የምታነሣበት እጅ አልነበራትም።

ልጅቷ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ሐኪሟ የቀረላትን እይታ ፈተነች። ቀይ ኳስ ይዛ ወደ ልጅቷ አስጠጋች፣ አራቀች፣ እንደገና አስጠጋች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ በልጅቷ ፊትና በኳሱ መካከል ያለውን ለካች።

«አንድ ስንዝር» አለች። «በቀኙ። በግራው ብርሃንና ጨለማ ትለያለች።»

«ስታድግ ይጨምራል?»

«አይጨምርም። እንዳይቀንስ ነው የምንጠብቀው፤ የዐይኗ ግፊት እንዳይነሣ በየሦስት ወሩ አምጧት።»

አጉሊ በመመለሻዋ ባሏ የሚሠራበት ጋ ጎራ አለች። ቀትር ነበር፤ ባሏ ጎማ ገልብጦ ተቀምጧል። ሲያያት ተነሣና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እህ?»

«አንድ ስንዝር ታያለች።»

«ስንዝር?» መዳፉን ዘርግቶ አየው፤ ጥቁር ዘይት በየመስመሩ ገብቷል። «የኔ ስንዝር ነው የሐኪሟ?»

ሊያስቃት ይሁን የምሩን ይሁን አልታወቃትም። ባሏ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ልጅቷ መነጽር አስጠጋ። የልጅቷ ዐይን ተዋለለ፣ ተዋለለና አፍንጫው ላይ ቆመ። እጇን ሰድዳ ጢሙን ያዘች።

«አየችኝ» አለ። «እይ፣ አየችኝ እኮ!»

ቀስ ብሎ ጢሙን አስለቀቃትና ቀና አለ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ልጅቷ አሁንም ታየው እንደሆነ ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ክንዱን አወዛወዘ። ልጅቷ እጇን እሱ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ጥቂት አንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ሁለቱን ጡጫዎቿን ከመነጽሩ ሥር አስገብታ ዐይኖቿን መጫን ጀመረች። ባሏ ክንዱ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

«ተመለስ» አለችው አጉሊ። «እዚያ የለህም።»